ግዝት ያደረበት ሜዳ

ደረጃ ስወጣ የሚያዩኝ ሰዎች «መምህር፣ ኳስ ተጫዋች ነበሩ መሰል፣ ጉልበትዎን ተጎድተዋል» ይሉኛል። እኔም «ስፖርት እንግዲህ እንዲህ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይባልም፤ ጉልበቴ የታመመው በስፖርት ሰበብ ነው። ኳስ ግን ነክቶኝ አያውቅም። ተማሪ ሳለሁ እንኳ ቡድን ሲከፋፈል የምመረጠው የሌሎቹን ሹራብ እንድይዝ ነበር። ታዲያ እንዴት የስፖርት መምህር ሆንክ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ሲመድቡኝ ማንም አልጠየቀኝም።

ጉልበቴን የጎዳው አንድ ቅጽ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ስታነቡ ግን እባካችሁ ሳል በሉ፣ ወንበር አንቀሳቅሱ፣ አንድ ነገር አሰሙ። ፀጥ ባለ ሰው ፊት ማውራት ካቆምኩ ቆየሁ።

የማስተምርበት ቀበሌ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤትና የእግር ኳስ ቡድን አለው። ሰው የሚጣላው በወፍጮው ወረፋና በቡድኑ ነው፤ በወፍጮው ግን ቶሎ ይታረቃል። ባለፈው ዓመት ለአምስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ርዕሱ በስፖርት ውስጥ የጭንቀት ምንጮችን ስለ መቀነስ ነበር። አሠልጣኙ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው፤ ከምሳ በኋላ ሠልጣኙም አብሮት ይጨፍን ነበር። ከዚያ ሥልጠና ሁለት ነገር ይዤ መጣሁ። አንደኛው፣ ሰው ሲጨንቀው ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ እየተነፈሰ እስከ አስር እንዲቆጥር ነው። ሁለተኛው ቅጹ ነው። ቅጹ ተጫዋቹን ምን እንደሚያስጨንቀው ይጠይቃል፤ ከዚያ አስጨናቂው ነገር እንዲወገድ ያዛል፤ ከዚያ መወገዱ ይገመገማል። አስወጋጁም ገምጋሚውም እኔ ነበርኩ። ራሴን ገምግሜ ደግሞ ወድቄ አላውቅም።

ቅጹን ለተጫዋቾቹ አደልኩ። ሁሉም «ምንም» ብለው ሞሉ። የእኛ አገር ጎረምሳ እግሩ ተሰብሮ እንኳ «ትንሽ ቆረጠመኝ» ነው የሚለው። አንድ ብቻ ሌላ ቃል ጻፈ። በረኛችን ምንይችል፣ የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው በሚለው ቦታ ላይ «አባቴ» ብሎ ሞላ።

አባቱ አያ ተሻገር በቆሎ አምራች ናቸው። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከልጃቸው ጎል ኋላ ይቆሙና ፊሽካ ሲነፋ ስድብ ይጀምራሉ። ለእረፍት ሲወጣ ውኃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ከስድባቸው ሁሉ የታወቀው «አንተ ማስፈራሪያ» የሚለው ነው፤ በማሳ መካከል ለወፍ የሚተከለውን የጨርቅ ሰው ማለታቸው ነው። «እጅህን ዘርግተህ ዝም ብለህ ቆመሃል፣ ወፍ እንኳ አይፈራህ» ይሉታል። ተመልካቹ ግማሹ ለኳስ፣ ግማሹ ለአያ ተሻገር አፍ ይመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ።

አንድ ቀን ምንይችል ጓንቱን አጣጥፎ ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። «መምህር፣ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» አለ። «ስድቡስ የአባት ነው። ሰው ሲስቅ ነው እጄ የሚከዳኝ።» እንደዚያ ልጅ ያለ በረኛ በመምህርነት ዘመኔ አላየሁም። ያን ጓንት ጠረጴዛዬ ላይ ሳየው፣ ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ስለነበርኩ አፈርኩ። ልጁ ከጎሉ እንዳይወጣ የማደርገውን አደርጋለሁ ብዬ ጓንቱን መልሼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

መጀመሪያ አባቱን ለመንኩ። አያ ተሻገር በትሕትና ሰሙኝና የሚሰድቡት የገዛ ልጃቸውን እንጂ የእኔን እንዳልሆነ አስረዱኝ። ከዚያ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ወደ መምሬ ጥበቡ ሄድኩ፤ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ግዝት እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው።

ግዝት እኛ ዘንድ የዋዛ ነገር አይደለም። ቄስ አንድን ነገር ከገዘቱ ያ ነገር ቀረ ማለት ነው። ያን ያፈረሰ ሰው ከራሱ ጋር መኖር ይቸግረዋል። የሚፈታውም የገዘተው ሰው ብቻ ነው። ፖሊስ ሲከለክል ሰው ፖሊሱ ዞር እስኪል ይጠብቃል፤ ግዝት ዞር አይልም። መምሬ ጥበቡ ስደርስ ስልክ ወደማይሠራበት ገዳም ለመሄድ ስንቃቸውን እየሸከፉ ነበር። ነገሩን አጫወትኳቸው። እሳቸውም በአያ ተሻገር ስድብ አንድ ሁለቴ እንደ ሳቁ ተናዘዙልኝ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርተው «በዚያ ሜዳ ልጆቹን የሰደበ ሰው የተገዘተ ይሁን» አሉ፤ ለሕዝቡ እኔ እንድነግር አዘዙኝና መንገዳቸውን ሄዱ።

ቃሉን በወረቀት ጻፍኩት። ስጽፈው አጠረብኝ። የሥልጠናው መጽሐፍ የተመልካች ጩኸት፣ ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ ሳቅ፣ እልልታ እያለ አንድ ገጽ ሙሉ አስጨናቂ ነገር ዘርዝሯል፤ መምሬ ደግሞ ስድብን ብቻ ነው የነኩት። ይህን ያህል ትልቅ ግዝት ለአንድ ነገር ብቻ ማዋል ብክነት መሰለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ በገበያ መካከል የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ይዤ ቆምኩና፣ መምሬ ጥበቡ በሜዳው ማናቸውንም የተመልካች ድምፅ ገዝተዋል ብዬ አወጅኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የተማረ ሰው የቀረውን ከቄሱ ጋር ለብቻው ተማክሮበት ይሆናል ብለው ዝም አሉ።

የመጀመሪያው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሰው እንደ ወትሮው ነጭ በነጭ ለብሶ መጥቶ ሜዳውን ከበበ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

መጀመሪያ ላይ ኮራሁ። እየቆየ ግን ሜዳ ላይ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ይሰማኝ ጀመር። የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ይሰማል። ጥግ ላይ የታሰረች ላም ስታመሰኳ ይሰማል። ኳሷ ወደ ጎል በቀረበች ቁጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሲያስወጣው ግን አይሰማም። የት እንደሚያደርገው እንጃ። ጎል ስናገባ ሁሉም እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ዘለለ፤ ያለ ድምፅ ወርዶ መሬቱን ድም አደረገው። ያገባው ልጅ ደስታውን ሊያሳያቸው ወደ እነሱ እየሮጠ ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን አየና ቆመ፤ ከዚያ ጀርባውን ሳይሰጣቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ተመለሰ።

አሸነፍን። እኔም ቅጹን ይዤ ምንይችል ዘንድ ሄድኩ። የጭንቀት ምንጭህ ተወግዷል ወይ አልኩት። አዎ አለ። ከአምስት አምስት ሰጠሁ። ልጁ ግን ፊቱ ገርጥቷል፤ ጓንቱንም አላወለቀም።

«መምህር፣ አባቴ የት ነበር?» አለኝ።

«ከጎሉ ኋላ ነበሩ እንጂ፣ ከዚያው ከቦታቸው።»

«እስከ ዛሬ ሲሰድበኝ የት እንዳለ አውቅ ነበር» አለ። «ዛሬ ጀርባዬን የሚያየኝ ሰው እንዳለ ነው የማውቀው።»

ይህ ለቅጹ የሚሆን መልስ ስላልነበረ አልጻፍኩትም።

ዝምታው ሜዳው ላይ ቢቀር ደኅና ነበር። አልቀረም። ጨዋታ በሌለበት ቀን እንኳ በሜዳው ዳር የሚያልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ጀመር። ከገበያ ሲመለሱ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ዝም ይሉና፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ባጃጅ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው፣ ተሳፋሪ አውርደው፣ ባጃጁን እየገፉ ያልፉ ጀመር። ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ያለ ድምፅ አባሮሽ ይጫወታሉ። ወፎቹ የሚያባርራቸው ድምፅ ስለጠፋ ወርደው ሣሩ ላይ መዋል ለመዱ። አንድ ቀን ብቻዬን ሜዳውን ሳቋርጥ እያንጎራጎርኩ ነበር። መሐል ስደርስ ወፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረው ያዩኝ መሰለኝ። አቆምኩ። ሰው አልነበረም፤ ግን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት።

ከዚያ የቡሬው ጨዋታ መጣ። ደጋፊያችን በሁለት አይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ግዝቱ የእኛን ሜዳ እንጂ የቡሬን አይመለከትም ብዬ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለጥንቃቄ ብሎ ዝምታውን ይዞት መጣ። ሰዎቻችን ከመኪናው ያለ ቃል ወረዱ፤ በሜዳው አንድ ወገን ተደርድረው ቆሙ። የቡሬ ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሦስት እናቶች መጡና ከፊት የቆሙትን ሰዎቻችንን እየሳሙ «እግዜር ያጥናችሁ፤ ሟቹ ማን ነው?» አሉ። ሰዎቻችን መናገር ስለማይችሉ አንገታቸውን ደፉ። ይኸው በቃ፤ ሐዘኑ እውነት ሆነ። በእረፍት ሰዓት ቡሬዎች እየተቀባበሉ መጥተው አጽናኑን። በሁለተኛው አጋማሽ ከአክብሮት የተነሣ እነሱም ዝም አሉ። ወጣቶቹ በስልካቸው ቀርጸው ለቀውት፣ ያየው ሁሉ የቪዲዮው ድምፅ ተበላሽቷል ብሎ ጻፈላቸው።

አቻ ወጣን። ምንይችል ያን ቀን ማንም ያልመታውን ኳስ ሊያድን ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አየሁት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ከሰዎቻችን ማንም እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ አወራኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ እንቢ እንዳለው፣ በዝምታው ውስጥ አንድ ነገር ሲያኝክ እንደሚሰማው ነገረኝ። የት ነው የሚያኝከው አልኩት። «በእኛ ሜዳ፣ ከራሴ በላይ» አለ። እኔ ሥልጠና የወሰድኩ ሰው ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። የሌለ ነገር መስማት ከጭንቀት ምልክቶች አንዱ ነው፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ስለዚህ ያንን ነገር በሰማህ ቁጥር ዓይንህን ጨፍን፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ እስከ አስር ቁጠር አልኩት። እሺ አለኝ። የነገሩትን የሚፈጽም ልጅ ነው።

ያን ማታ ግን እኔም ነገሩ ከበደኝ። በማግሥቱ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ሜዳው ላይ ወጣሁና ግዝቱ ተነሥቷል ብዬ አወጅኩ። የሰማኝ ሰው ሁሉ በድንጋጤ ነው ያየኝ፤ ሜዳው ላይ ተናግሬያለሁና። የገዘቱት ሳይመለሱ ማን ፈታው አሉኝ። ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሰይድ ትዝ አሉኝ። ሙስሊም ስለሆኑ ግዝቱ አያስራቸውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸው ሰውን እንዲያላቅቁልኝ ለመንኳቸው። አቶ ሰይድ ጨርቁን እየለኩ «የጎረቤቴን ግዝት በእኔ አፍ አላስፈርስም» አሉኝ። ለካ እሳቸውም ሜዳው ዳር ሲቆሙ ዝም ይሉ ኖሯል።

አንድ መንገድ ቀርቶኝ ነበር። መምሬ የገዘቱት ስድብን ብቻ ነው፣ የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ ማለት። ብዙ ጊዜ ልለው ተነሥቼ ነበር። ግን ግምገማው ለወረዳው ተልኳል፣ አምስት ከአምስትም ተሰጥቷል። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። መምሬ ሲመለሱ በእርጋታ ይስተካከላል አልኩና ተውኩት።

የቡሬ ቡድን ለመልሱ ጨዋታ ወደ እኛ መጣ። ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ የለም። ሕዝቡ ሜዳውን ከቧል፤ አያ ተሻገር ከጎሉ ኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እኔ ቅጼን ይዤ ከጎሉ ጎን፣ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። ጎላችን የባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለት ቋሚና አንድ ወፍራም አግዳሚ። ቅጹ ላይ የመጫወቻው ቦታ ለአደጋ አያጋልጥም ወይ የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከወንበሬ ሳልነሣ «አያጋልጥም» ብዬ ነበር የሞላሁት።

አንድ የቡሬ አጥቂ ኳሷን ጠልዞ ቋሚውን መታውና ኳሷ ወደ በቆሎው ማሳ ወጣች። ተጫዋቾቹና ዳኛው ወደዚያ ዞሩ። ምንይችል ከጎሉ መስመር ላይ ብቻውን ቀረ። ያኔ ከራሱ በላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ምስጥ ነው። ወሩን ሙሉ አግዳሚውን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል፤ ልጁ የሰማው የእውነት ማኘክ ነበር።

ምንይችልም ቀጭ ሲል ሰማ። ሰምቶም ያዘዝኩትን አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ መቁጠር ጀመረ።

አግዳሚው በአንድ ወገን ከቋሚው ተላቀቀ። ቀስ ብሎ ነበር፤ ለመጮኽ ብዙ ጊዜ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። እናቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማንም አልጮኸም። እኔስ? በድምፅ ላይ ግዝት እንደሌለ የማውቅ በዚያ ሜዳ ላይ ብቸኛው ሰው እኔ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮዬ ውስጥ ድምፁ ቆሞ ይሰማኛል፤ አይወጣም። የልጁ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየሁ አብሬው ቆጠርኩ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። የፈራሁት ግንዱን ብቻ አይደለም፤ የገዛ አፌን ነው የፈራሁት።

«ውጣ አንተ ማስፈራሪያ!»

አያ ተሻገር ናቸው። ወፎቹ ከሣሩ ላይ ባንድ ጊዜ ብር አሉ። ምንይችል ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ድምፁ ከመጣበት ጎን ሸሽቶ ወደ ፊት ተወረወረ። ግንዱ ልጁ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ የተሰበረው እንጨት ውስጡ ባዶ ነበር፤ ምስጦቹ ሣሩ ላይ ይርመሰመሳሉ።

ከዚያም በኋላ ማንም አልተናገረም። አያ ተሻገር ምድር ላይ ቁጭ ብለው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ግዝት አፍርሰዋልና። ምንይችል ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። አባቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

«መምህር፣ እርስዎም አይተውት ነበር?»

አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

መምሬ ጥበቡ የተመለሱት በሳምንቱ ነው። የቀበሌው ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። አያ ተሻገር ትልቅ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ አጎንብሰው ወደ ፊት መጡ። በሜዳው ድምፅ አሰምቼ ግዝትዎን አፍርሻለሁ፣ ይፍቱኝ አሉ። መምሬ ግራ ተጋቡ። «እኔ የገዘትሁት ስድብን ነው» አሉ። «ድምፅን ምን አድርጎኝ እገዝታለሁ?»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ያን ሕዝብ ዝም ብሎ ማየትን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አሁን እኔኑ እያየ ነበር። የጨመርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

መምሬ እንደገና ወደ አያ ተሻገር ዞሩ። በትክክል ምን ብለው እንደጮኹ ጠየቋቸው። አያ ተሻገር ከድንጋዩ ሥር ሆነው ቃሉን ደገሙት።  መምሬ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና ያ ቃል ስድብ እንደሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እውነተኛውን ግዝት ያፈረሱት አያ ተሻገር ብቻ እንደሆኑ ተናገሩ። አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ፤ ከወር በላይ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ስለሆነ አንዳንዱ ያለቅስበት ነበር። አያ ተሻገር ለሰባት ቀን በየቀኑ አርባ ስግደት ታዘዘላቸውና ድንጋዩን አወረዱ። ስድቡ እንደተገዘተ ይቆያል፣ ድምፁ ነጻ ነው ተባለ።

ያን ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ አደረግኩት። ካሰብኩት በላይ ይከብድ ነበር። መምሬ አጠገቤ ቆሙ።

«አንተስ፣ ልጁን ስታይ ምን አልህ?» አሉኝ።

«ምንም አላልኩም።»

«ለስድብ የሚታዘዘውን አውቃለሁ» አሉ። «ዝም ላለ ሰው ስንት ስግደት እንደሚታዘዝ ግን አልተማርሁም። አንተው ቁጠረው።»

ጉልበቴ የሄደው እዚያ ላይ ነው። ቁጥር የሌለው ስግደት ሞክራችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። አርባ እደርስና ይበቃል ወይ እላለሁ፤ የልጁ ከንፈር ሰባት ሲል ይታየኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ። ለወረዳውም አዲስ ግምገማ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን አምስት ሰርዤ ዜሮ አደረግኩት። ቅጹ ከአንድ ስለሚጀምር መልሰው ላኩልኝ።

አዲስ አግዳሚ ተተከለ፤ ይህን ጊዜ ብረት ነው። ምንይችል ከጎሉ አልወጣም። አያ ተሻገርም ከጎሉ ኋላ አሉ። «ቀኝህን ጠብቅ አንተ…» ይሉና የመጨረሻዋን ቃል ይውጧታል። ሕዝቡ የተዋጠችውን ቃል በልቡ ሞልቶ ይስቃል፤ ምንይችልም ፈገግ ይላል። ለእኔ ግን ሰላምታውን ከመስጠት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ቅጹን እንዲሞላ ደግሜ ሰጠሁት። ምን ያስጨንቅሃል በሚለው ቦታ ላይ «ዝም የሚል ሰው» ብሎ ጽፎ፣ አጣጥፎ መለሰልኝ። ያችን ወረቀት ወደ ወረዳው አልላክኋትም። ኪሴ ውስጥ ናት።

ባለፈው እሑድ አያ ተሻገር በአዝመራ ምክንያት አልመጡም። ከጎሉ ኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ምንይችል ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። ቅጹን ወንበሬ ላይ ትቼ ሄጄ ቆምኩበት። አንድ አጥቂ ኳሷን ይዞ ብቻውን መጣ። ጉሮሮዬ እንደዚያ ቀን ሊዘጋ ሲል ተሰማኝ።

«ግራህን አንተ ማስፈራሪያ!» አልኩ።

ምንይችል ወደ ግራ ተወረወረ። ኳሷ በቀኝ ገባች። ስለ ኳስ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ሜዳው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ምንይችል ከወደቀበት ቀና ብሎ ማን እንደሆንኩ አየና ሆዱን ይዞ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ተነሥቶ «በሚቀጥለው ቀኝዎን ይዩ መምህር» አለኝና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከጨዋታው በኋላ በቀጥታ ወደ መምሬ ጥበቡ ሄድኩና በሜዳው መሳደቤን ተናገርኩ። ቃሉን አስደገሙኝ። ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ለሰባት ቀን በየቀኑ አርባ አሉኝ። ጉልበቴ ይንቋቋል፤ አርባ ላይ ስደርስ ግን አርባ ነው፣ እነሣለሁ። ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው።